ስማርት መነጽር ወደ ባሕር ዳር ከማስመጣትዎ በፊት

«አሪፍ ነው!» ያለ ሁሉ ገዢ አይደለም። መጀመሪያ አንድ ናሙና ብቻ ያስመጡ፤ ካሜራና በድምፅ የሚታዘዝ ረዳት ያለው፣ በስም የሚታወቀው ሬይ-ባን ሜታ ይበቃል። የመጀመሪያው ትውልድ በ2023 እ.ኤ.አ. ሲወጣ መነሻ ዋጋው አሜሪካ ውስጥ 299 ዶላር ነበር። ዋጋ ሲተምኑ በዕለቱ ምንዛሪ አባዝተው ማጓጓዣና ቀረጥ ይደምሩበት፤ ባትሪው ውስጡ የታሸገ ስለሆነ ለተበላሸ ዕቃ መጠባበቂያ መያዝም ግድ ነው።

ሲያሻሽጡ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ብዙ አያውሩ። ረዳቱ አማርኛ አይሰማም፣ አገልግሎቱም በየአገሩ የተገደበ ነው። እዚህ የሚሸጠው ካሜራው ነው። ወደ ዘጌ ቱሪስት የሚያደርስ የጀልባ አስጎብኚና ቲክቶክ የሚሠሩ ወጣቶች ሁለት እጃቸው ነፃ ሆኖ መቅረጽ ይፈልጋሉ። ለሠርግ ቪዲዮ ባለሙያ ግን አይግፉ፦ ቀረጻው ቁመታም ነው፣ በሰፊ ስክሪን አያምርም።

ሙከራውን ሐይቁ ዳር በጠዋት ያድርጉ፤ ከሰዓት የጣና ነፋስ ድምፁን ይበላዋል። ደንበኛው ራሱ አጥልቆ ጀልባ ሲነሳ አንድ ደቂቃ ይቅረጽ፤ ቪዲዮውን ወዲያው በቴሌግራም ይላኩለት። በገዛ ስልኩ ሲያየው ነው ልቡ የሚከፈተው። ያኔ «ትወደዋለህ?» ሳይሆን «ቀብድ ትከፍላለህ?» ብለው ይጠይቁ። ከ10 ሰው ቢያንስ 3ቱ የዋጋውን ሲሶ ካላስያዙ፣ በእኛ ግምት በብዛት ማዘዝ ገንዘብ ማሰር ነው።

የመጀመሪያው ትውልድ ባትሪ በመካከለኛ አጠቃቀም 4 ሰዓት ያህል ይቆያል፣ ቀረጻ ሲበዛ ያንሳል። ኃይል የሚሞላው ማኅደሩ ተጨማሪ 32 ሰዓት ስለሚሰጥ መብራት በሚጠፋበት ከተማ ይህን ጠበቅ አድርገው ይንገሩ። ፍንጣቂ ውኃ ይችላል፤ ሐይቅ ውስጥ ከወደቀ ግን አለቀለት፣ ማሰሪያ ገመድ አብረው ይሽጡ።

«ተበላሸ» ተብሎ ሲመለስ መጀመሪያ የፊቱን መብራት ይዩ። ሲቀረጽ የሚበራ ነው፤ በፕላስተር ከተሸፈነ መነጽሩ መቅረጽ እምቢ ይላል። የተሠራው ሰው ሳያውቅ እንዳይቀረጽ ነው። በ1,500 ዶላር የወጣው የጉግል ስማርት መነጽር፣ ጉግል ግላስ፣ በ2015 እ.ኤ.አ. ከገበያ ሲነሳ ይኸው ስጋት ስሙን አጉድፎት ነበር። ዑራ ኪዳነ ምሕረትን በመሰሉ ገዳማትም ካህናቱን ሳያስፈቅዱ እንዳይቀርጹ ለገዢው ይንገሩ።

የዓይን ቁጥር ያለው ገዢ ሌንስ ሊያስገባ ወደ መነጽር ቤት ከሄደ ባለሙያው እጀታውን አሙቆ እንዳያጎብጠው ያስጠንቅቁት። ባትሪውና ሽቦው ያለው እዚያ ውስጥ ነው።