አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ግብሬስ? የደመወዝተኛው ችግርና መፍትሄ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ደመወዝ በገባ ሰሞን የሚነሱት የግብር ጥያቄዎች ተመሳሳይ ናቸው። ግራ መጋባቱ የሚመጣው በአብዛኛው ከአንድ ነገር ነው። የደመወዝ ግብራችን ቤተሰብን አያውቅም። የሚያውቀው አንድን ሰው፣ ያውም የአንድ ወር ገቢውን ነው።

«ሁለታችንም ደመወዝተኛ ነን። ከተጋባን ግብሩ ይደመርብናል?»

አብሽሩ፣ አይደመርም። እያንዳንዳችሁ በየራሳችሁ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ትቀጥላላችሁ። ለነገሩ ቢደመር ነበር የምትጎዱት። ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራበት ማስከፈያ 9,000 ብር የሚያገኝ ሰው 1,400 ብር ግብር ይከፍላል። ባልና ሚስቱ እኩል ቢያገኙ ሁለቱ በድምሩ 2,800 ይከፍላሉ። 18,000 ብሩ እንደ አንድ ሰው ደመወዝ ቢታይ ኖሮ ግን 4,250 ይሆን ነበር። ስለዚህ የጋብቻ ወረቀት ይዛችሁ ሒሳብ ክፍል አትሂዱ።

«ልጅ ወለድን። ቅናሽ የለውም?»

የለውም። ሦስትም ውለዱ ስድስት፣ ስሌቱ ያው ነው። የወሊድ ፈቃድ ላይ ሆናችሁ የሚከፈላችሁም (ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን) ደመወዝ ስለሆነ ግብሩ ይቆረጣል። ልጁን ግን በግል ማኅደራችሁ ላይ አስመዝግቡ። ለግብር ባይሆንም ወላጁ ቢሞት ለሚያገኘው የጡረታ መብት ይጠቅመዋል።

«ደመወዜ ጨመረ፣ እጄ ላይ የገባው ግን ምንም አይል!»

ይህኛው ብዙ ሰው ያናድዳል። «እርከን አለፍኩና ግብሩ በላኝ» ሲባል ትሰማላችሁ። ከፍ ያለው መቶኛ የሚያርፈው ግን ከወሰኑ በላይ ባለው ብር ላይ ብቻ ነው። እስከ 2,000 ብር ነፃ ነው። ከዚያ እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ያለው 20፣ እስከ 10,000 ያለው 25፣ እስከ 14,000 ያለው 30፣ ከዚያ በላይ ያለው 35 በመቶ ይከፈልበታል።

ከ6,900 ወደ 7,100 ብር ያደገችን ነርስ እንውሰድ። ግብሯ ከ880 ወደ 925 ይሄዳል፤ 45 ብር ጨመረ ማለት ነው። 7 በመቶው የጡረታ መዋጮ ደግሞ በ14 ብር ያድጋል። ከ200 ብሩ ጭማሪ 141 ብር ይደርሳታል። ያስከፋል፣ ግን አልቀነሰም።

እጃችሁ ላይ የሚገባው ከበፊቱ በእውነት ካነሰ ጥፋቱ የግብሩ አይደለም። የደመወዝ ወረቀቱን ጠይቁና መስመር በመስመር እዩት። የቁጠባ ማኅበር ብድር ሊሆን ይችላል። አዲስ ተመራቂ ከሆናችሁ ኮስት ሼሪንግ (የዩኒቨርሲቲ የወጪ መጋራት ክፍያ) ሊሆን ይችላል። ሌላው የተለመደ ስህተት ጡረታውን ቀንሶ በቀሪው ላይ ግብር ማስላት ነው። ግብሩ የሚሰላው ጡረታ ከመቀነሱ በፊት ባለው ደመወዝ ላይ ነው። በቤታችሁ ያሰላችሁት ከሒሳብ ክፍሉ ጋር አልገጥም ካለ መጀመሪያ ይህንን ፈትሹ።

«ቀለብ ከደመወዜ ይቆረጣል፣ ግብሩ ግን ያው ነው»

ከፍቺ በኋላ ፍርድ ቤት የሚወስነው ቀለብ የከፋዩን ግብር አይቀንስም። መጀመሪያ በሙሉ ደመወዙ ላይ ግብሩ ይሰላል፣ ቀለቡ ከዚያ በኋላ ይወጣል። ልጁን ይዞ ቀለብ የሚቀበለው ወገን ግን በተቀበለው ላይ ግብር የለበትም።

«እህቴ ከሳውዲ ብር ትልካለች። ግብር አለበት?»

ለቤተሰብ መተዳደሪያ የተላከ ስጦታ ነው፣ ግብር የለውም። ነገሩ የሚለወጠው በዚያ ብር ቤት ተሠርቶ ሲከራይ ነው። የተላከው ብር ገቢ አይደለም፣ ኪራዩ ግን ገቢ ነው። ግብር ከፋዩም የቤቱ ባለቤት ነው። ካርታው በእሷ ስም ሆኖ ኪራዩን እናንተ የምትሰበስቡ ከሆነ ውክልናውን አስተካክሉ፣ በእሷ ስምም ክፈሉ። «ዘመድ ነን» ብሎ መተው ወራት ሲያልፉ ቅጣትና ወለድ ያመጣል።

«አባታችን ካረፉ ቆዩ። ሱቁ ተዘግቷል። ግብር ግን ተወሰነባቸው»

ከሁሉም ከባዱ ይህ ነው። ፒያሳ ወይም ሰኞ ገበያ ላይ ሱቅ የነበራቸው አባት ሲያርፉ ለቅሶው፣ ተዝካሩ ወይም ሰደቃው ይመጣና ወረቀቱ ይረሳል። በሩ ቢቆለፍም ንግድ ፈቃዱና የግብር ፋይሉ ክፍት ናቸው። ፋይሉ ክፍት እስካለ ድረስ የገቢዎች መሥሪያ ቤቱ «እየነገዱ ነው» ብሎ ያስባል።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። የሞት ምስክር ወረቀቱን ከወሳኝ ኩነት አውጡ። የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት አውጡ። ሁለቱን ይዛችሁ ለገቢዎች በጽሑፍ ማመልከቻ አስገቡ። ንግድ ሲቆም የማሳወቂያው ጊዜ 30 ቀን ስለሆነ የፍርድ ቤቱ ወረቀት ከዘገየ እሱን አትጠብቁ፤ በሞት ምስክር ወረቀቱ ብቻ ቀድማችሁ አመልክቱ። እሳቸው በሕይወት ሳሉ የቀረ ዕዳ ካለ ከውርሱ ይከፈላል። ሱቁ ከተዘጋ በኋላ የተወሰነውን ግን ተቃወሙ። መዘጋቱን የሚያሳይ የቀበሌ ደብዳቤ፣ የተቋረጠ የኪራይ ውል፣ የመብራት ቢል፣ ያላችሁን ሁሉ አያይዙ።

ከልጆቹ አንዱ ሱቁን ሊቀጥል ካሰበ በራሱ ስም መለያ ቁጥርና ፈቃድ ያውጣ። በሟች ደረሰኝ አንድ ቀን እንኳ አይሽጥ፤ ኋላ የሱና የአባቱ ሒሳብ ተቀላቅሎ መለየቱ መከራ ነው። ፋይሉ ሲዘጋም መስኮቱ ላይ «ተዘግቷል» መባል አይበቃም። ማኅተም ያለበትን ደብዳቤ ይዛችሁ ውጡ።