የሰፈርዎን ጅረት ከቦርከና እስከ ምንጩ እንዴት ያጠኑታል?

ደሴ ውስጥ የሚኖር ሰው ከቤቱ ወጥቶ ጥቂት እንደተራመደ ከጦሳ ተራራ የሚወርድ ውሃ ማቋረጡ አይቀርም። ብዙዎቻችን «ቦይ» ብለን የምናልፈው ይህ ውሃ የራሱ ምንጭ፣ የራሱ ታሪክና በውስጡ የሚኖሩ ፍጥረታት ያሉት ጅረት ነው። እርሱን ለማጥናት ደብተር፣ ሜትር፣ ሰዓት የሚቆጥር ስልክ፣ ነጭ ሳህንና የጎማ ቦት ጫማ ይበቃል፤ ከዚህ ሌላ የሚጠይቀው ዓመቱን ሙሉ የመመላለስ ትዕግሥት ነው።

ሥራውን ከታች ይጀምሩ። ጅረቱ የቦርከናን ወንዝ የሚቀላቀልበትን ቦታ ካገኙ በኋላ ዳር ዳሩን ይዘው ሽቅብ ይውጡ። ቁልቁል የሚወርድ ሰው ከግራና ከቀኝ የሚገቡትን ትናንሽ ውሃዎች ሳያስተውል ያልፋቸዋል፤ ሽቅብ የሚወጣ ግን በየመጋጠሚያው ቆሞ ዋናው የትኛው እንደሆነ ለመለየት ይገደዳል። በእያንዳንዱ መጋጠሚያ የውሃውን ስፋት፣ የወለሉን ዓይነት (ድንጋይ፣ አሸዋ ወይስ ደለል) እና የሚገባበትን ቱቦ ሁሉ ይመዝግቡ።

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ፣ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል ትገኛለች። ቦርከና በዶቃቂት ገደል በኩል ኮምቦልቻ እስኪደርስ 650 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ከዚያም የጨፋን ሜዳ አቋርጦ ወደ አዋሽ ይሄዳል። አዋሽ ባሕር ስለማይደርስ፣ ከሰፈርዎ የወረደው ውሃ በመንገድ ካልተነነና መሬት ካልጠጣው መድረሻው በጅቡቲ ድንበር ላይ ያለው የአቤ ሐይቅ ነው። በአንጻሩ ከኩታበር በስተምዕራብ የሚወርደው ውሃ በበሽሎ አድርጎ ዓባይን ይቀላቀላል። ስለዚህ በሚሥሉት ካርታ ላይ የመጀመሪያው መስመር የጅረቱ መንገድ ሳይሆን፣ ዝናቡን ወደ እርሱ የሚያወርደው ተዳፋት ዙሪያ ቢሆን የተሻለ ነው።

ታሪኩን የሚያውቁት አረጋውያን ናቸው። «ምንጩ የደረቀው በስንት ዓ.ም. ነው?» ብለው ቢጠይቁ እርግጠኛ መልስ ማግኘት ያስቸግራል፤ «እማማ፣ በ77ቱ ድርቅ ከዚህ ምንጭ ይቀዳ ነበር?» ካሉ ግን ትዝታው ራሱ መንገድ ያገኛል። ልብስ የሚታጠብበትን፣ ከብት የሚጠጣበትን፣ ውዱእ የሚደረግበትን ቦታ እያንዳንዱን ለየብቻ ይጠይቁ፤ ሁለት ሰዎች ሳይገናኙ አንድ ዓይነት ነገር ከነገሩዎት ይጻፉት፣ ከተለያዩም ሁለቱንም ይጻፉ። የሰፈር ስምም መረጃ ነው፤ ደሴ ውስጥ ቧንቧ ውሃ የሚባል ሰፈር መኖሩን ያስታውሱ።

የውሃውን መጠን ለማወቅ ቀጥ ያለ 10 ሜትር ርዝመት ይምረጡ። ስፋቱን ይለኩ፤ ጥልቀቱንም በሦስት ቦታ ለክተው አማካዩን ይያዙ። ከዚያ ብርቱካን ወይም ሎሚ ከላይ ጥለው ታች እስኪደርስ ያለውን ሰከንድ ይቁጠሩ፣ ሦስት ጊዜም ይድገሙት። ስፋቱ 1.2 ሜትር፣ ጥልቀቱ 0.15 ሜትር ከሆነና ብርቱካኑ በ25 ሰከንድ ከደረሰ ፍጥነቱ በሰከንድ 0.4 ሜትር ነው። የላዩ ውሃ ከወለሉ ውሃ ስለሚፈጥን ፍጥነቱን በ0.85፣ ከዚያም በስፋቱና በጥልቀቱ ያባዙት፤ ውጤቱ በሰከንድ 0.061 ኪዩቢክ ሜትር፣ ማለትም 61 ሊትር ያህል ይሆናል። በበጋ፣ በበልግና በክረምት ተመሳሳይ ቦታ ላይ ካልተለካ ግን ቁጥሩ ብዙ አይነግርዎትም።

እኔ አብዝቼ የምቆየው ድንጋይ በማገላበጥ ላይ ነው፤ የጅረቱ ጤንነት ከሁሉ ይልቅ የሚነበበው ከድንጋዩ ሥር ነው ብዬ አምናለሁ። ከወራጁ ውሃ አንድ ድንጋይ አንሥተው በነጭ ሳህን ውስጥ ያጥቡት። ብዙውን ጊዜ ሦስት ጭራ ያላቸው፣ በሆዳቸው ጎንና ጎን ቅጠል የመሰለ መተንፈሻ የሚያርገበግቡ ትናንሽ እጮች ካገኙ ውሃው በቂ ኦክስጅን አለው። የአሸዋ ቅንጣት እየለጠፉ ቤታቸውን የሚሠሩ እጮች ካሉም ደስ ይበልዎ። በሳህኑ ላይ ቀያይ ትሎች ብቻ ከተርመሰመሱ ግን ኦክስጅን አንሷል ማለት ነው፤ እነዚህ ትሎች በሰውነታቸው ሄሞግሎቢን ስላላቸው ሌላው በማይኖርበት ጭቃ ይኖራሉ። እኔ በምመላለስበት ጅረት ከሰፈሩ የመጨረሻ ቤት በላይ ቤት ሠሪዎቹን እጮች አገኛለሁ፤ ጥቂት መቶ እርምጃ ዝቅ ስል የቀሩት ቀያዮቹ ናቸው። ይህን ልዩነት በገዛ ዓይን ማየት ያማል። ድንጋዩን እንደነበረ መመለስ አይርሱ።

የጨርቃ ጨርቅ፣ የቆዳና የቢራ ፋብሪካዎች በሚገኙባት ኮምቦልቻ ሳህኑን ከፋብሪካ በላይና በታች ማነጻጸር ይጠቅማል፤ ሆኖም እንደ ክሮሚየም ያለ ብረት በዓይን ስለማይታይ ለእርሱ ላቦራቶሪ ያስፈልጋል። በዝቅተኛውና ሞቃቱ ቦታ፣ በተለይም ቀስ ብሎ በሚፈሰው ውሃ፣ የቢልሃርዝያ ስጋት ስላለ ያለ ቦት ጫማ ፈጽሞ አይግቡ። ሰማዩ በጦሳ በኩል ከጠቆረም ሰፈርዎ ባይዘንብ እንኳ ከጅረቱ ይውጡ፤ ጎርፉ ከዝናቡ ቀድሞ ሊደርስ ይችላል።

በነሐሴ ከከባድ ዝናብ ማግሥት በጅረቱ ላይ ወዳለ ድልድይ ሄደው ጭቃውና ገለባው በምሰሶው ላይ የደረሰበትን ከፍታ ከወለሉ ጀምረው ይለኩና ከነቀኑ በደብተርዎ ያስፍሩ።