የወፍጮ ቺንጋ ቶሎ ቶሎ እንዳይበጠስ፦ ሥራው ከፑሌጃው ይጀምራል

እህል በረንዳ አካባቢ ወፍጮ ቤት ያለው ሰው ቺንጋ (ከሞተሩ ወደ ወፍጮው ኃይል የሚያስተላልፈው የጎማ ቀበቶ) የሚበጠስበትን ቀን ያውቀዋል፦ የበዓል ዋዜማ ነው። ወረፋው ደጅ ወጥቶ፣ ዲናሞው (ሞተሩ) ከጠዋት ጀምሮ ሳያርፍ፣ አንዱ ቺንጋ ይለቃል፤ ሸክሙ የወደቀባቸው ሌሎቹም ብዙ አይቆዩም። ከዚያ መርካቶ ሮጦ "ጠንካራውን ስጠኝ" ነው። እኔ ቺንጋውን መጨረሻ ላይ ግዙ እላለሁ። ብዙውን ጊዜ ቺንጋ የሚጨርሰው ፑሌጃው (ቺንጋው የሚጠመጠምበት ክብ መዘውር) ስለሆነ፣ በተበላ ፑሌጃ ላይ ውድ ቺንጋ ማሰር ገንዘብ መጣል ነው።

መብራቱን ከብሬከሩ አጥፉ። ሠፈሩ ሁሉ መብራት ቢጠፋም ብሬከሩ ይውረድ፤ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። መከለያውን ፍቱና ከሥሩ የወረደውን እዩ። ከጤፍ ዱቄቱ ጋር ጥቁር የጎማ ብናኝ ከተቀላቀለ፣ ቺንጋው እየተንሸራተተ ወይም ጎኑ እየተፋቀ ነው። ሁሉንም በደረቅ ብሩሽ ጥረጉ።

አሁን ፑሌጃው። ቪ ቺንጋ ኃይል የሚያስተላልፈው በሁለት ጎኖቹ ነው፤ እንጨት ውስጥ እንደገባ ሽብልቅ በፑሌጃው ቦይ (ዙሪያውን በተቆፈረው መቀመጫው) ግድግዳዎች መሀል ይጣበቃል። ሆዱ፣ ማለትም የውስጥ ፊቱ፣ የቦዩን ወለል መንካት የለበትም። የስልክ መብራት አብርታችሁ ወደ ቦዩ ውስጥ ተመልከቱ። ወለሉ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ቺንጋው ሰጥሞ በሆዱ እየሄደ ነው። ከዚያ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ ግድግዳው ላይ አስደግፉ፤ መሀሉ ላይ ብርሃን ካሾለከ ግድግዳው ተበልቷል። መፍትሔው ቶርኖ ቤት ማስፋቅ ወይም መቀየር ነው። ምናለሽ ተራ ደህና የብረት ፑሌጃ ይገኛል፤ ይህን ፍተሻ ግን ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው አድርጉት።

ከቀየራችሁ አይቀር ሁለቱንም ፑሌጃዎች በእኩል ምጣኔ አሳድጉ። ትልቁ ማጠናከሪያ ይህ ነው። በደቂቃ 1450 ጊዜ የሚዞር የ15 ኪሎ ዋት ዲናሞ ላይ 150 ሚሊ ሜትር ፑሌጃ ካለ፣ ቺንጋዎቹ አንድ ላይ ወደ 134 ኪሎ ይጎትታሉ። ፑሌጃው 200 ሚሊ ሜትር ሲሆን ጉተታው ወደ 100 ኪሎ ይወርዳል፤ የሚሠራው ሥራ ግን ያው ነው። የዲናሞውን ፑሌጃ ብቻ ማሳደግ አደገኛ ነው፦ ድንጋዩ ከሚገባው በላይ ይፈጥናል፣ ዱቄቱን ያቃጥላል፣ ሊፈነዳም ይችላል።

ቺንጋ ስትገዙ ጀርባው ላይ ያለውን አንብቡ። "ቢ 75" ማለት ወርዱ 17፣ ውፍረቱ 11 ሚሊ ሜትር፣ የውስጥ ዙሪያው 75 ኢንች ነው። ፑሌጃው ካደገ ርዝመቱም ይጨምራል፤ በሲባጎ ዙሪያውን ለኩ። "ሲ" ስለወፈረ ብቻ አትምረጡት፤ ቦዩ ለ"ቢ" ከተሠራ አይገባም፣ ትንሽ ፑሌጃ ላይም ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ፑሌጃ ማሳደግ ካልተቻለ ሆዱ ጥርስ ያለው ቺንጋ ይሻላል፤ በቀላሉ ይታጠፋል፣ ሙቀቱም ያንሳል። ደግሞ ሁሉንም አንድ ላይ ቀይሩ፣ የአንድ ፋብሪካ ይሁኑ። አሮጌዎቹ ስለተለጠጡ አዲሱ ብቻውን ይሸከማል።

ስታስገቡ ዲናሞውን ፈትታችሁ አስጠጉና በእጅ አልብሱ። በካቻቢቴ እየፈለቀቁ ማስገባት የውስጡን ክር ይበጥሳል፤ ከላይ ምንም አይታይም፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ቺንጋው ቦዩ ውስጥ ይገለበጣል።

ማስተካከሉ ላይ ጊዜ ውሰዱ፤ ብዙ ሰው በዓይኑ ገምቶ የሚያልፈው እዚህ ነው። የተወጠረ ሲባጎ በሁለቱ ፑሌጃዎች ፊት ላይ አሳልፉ። የእያንዳንዱን ፑሌጃ ሁለት ጠርዝ፣ በድምሩ አራት ቦታ መንካት አለበት። የፑሌጃዎቹ ከንፈር (ከቦዩ ውጪ ያለው ጠርዝ) ውፍረት ከተለያየ ፊቱን ትታችሁ ከቦዩ መሀል ለኩ። ሦስት ቦታ ብቻ ከነካ አንዱ ፑሌጃ ጠሟል፤ የዲናሞውን እግር አዙሩ። ከላይ ነክቶ ከታች ከራቀ ዲናሞው አዘንብሏል፤ ከእግሩ ሥር የተቆረጠ ቆርቆሮ አስገቡ። እንጨትና ካርቶን በንዝረት ይሟሽሻል። ከዚያ ፑሌጃውን በእጅ ግማሽ ዙር አዙራችሁ እንደገና እዩ። አሁን ሲባጎው ከተለየ ችግሩ ዘንጉ ወይም ኩሽኔታው (ዘንጉ የሚዞርበት መያዣ) ላይ ነው፤ ያ ሳይጠገን ቺንጋ አታስገቡ። ቡሎኖቹን ስታጠብቁ ዲናሞው ስለሚንቀሳቀስ ከማጥበቅ በኋላም አንዴ ድገሙት።

አወጣጠሩ ልክ አለው። በሁለቱ ፑሌጃዎች መሀል ቺንጋው 1 ሜትር ያህል ከተዘረጋ፣ መሀሉን ስትጫኑት ወደ 16 ሚሊ ሜትር ይግባ። ለ"ቢ" ቺንጋ ጭነቱ 3 ኪሎ ገደማ ነው፤ በተንጠልጣይ ሚዛን ስባችሁ ማየት ትችላላችሁ። ከዚህ በላይ ማጥበቅ ኩሽኔታ ይበላል፤ ከላላ ደግሞ ሲነሳ ይጮኻል። ጩኸቱን በሰም ወይም በዝፍት ማፈን የሚወዱ አሉ፤ ዱቄት ይሰበስባል፣ መላላቱንም ይደብቃል። በጭራሽ አትቀቡ።

መከለያውን መልሱ፣ ያለ እህል ጥቂት አስነሱት፣ ከዚያ ፍጩ። አዲስ ቺንጋ በመጀመሪያው ቀን ቦዩ ውስጥ ይቀመጥና ይላላል። ስለዚህ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ሥራ በኋላ ብሬከሩን አውርዳችሁ፣ እንደገና ለክታችሁ ወጥሩት፤ ሲባጎውንም አሳልፉ።