የፍሬሽማን ኮርሶች፦ ነጥቡ እንዴት ይሰላል፣ የት ይጠፋል?

ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ የሚገባ ተማሪ በአብዛኛው ወደ ዲፓርትመንት ከመሄዱ በፊት የጋራ ኮርሶችን፣ ማለትም የፍሬሽማን (የአንደኛ ዓመት) ኮርሶችን፣ ይማራል። ብዙ ተማሪ እነዚህን ኮርሶች “ከዋናው ትምህርት በፊት የሚታለፉ” አድርጎ ያያቸዋል፤ ነገር ግን የዲፓርትመንት ምደባው በዋናነት የሚሠራው በእነዚሁ ኮርሶች ውጤት ነው። ስለዚህ ገና ትምህርቱ ሳይጀመር ስሌቱን ማወቅ ያስፈልጋል።

መጀመሪያ የክሬዲት ሰዓቱን (ኮርሱ በስሌቱ ውስጥ ያለውን ክብደት) እዩ። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ በመጀመሪያው ሴሚስተር ብዙውን ጊዜ ኮሙኒኬቲቭ ኢንግሊሽ አንድ፣ ጄኔራል ሳይኮሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ ክሪቲካል ቲንኪንግ፣ ማትስና ጄኔራል ፊዚክስ ይወስዳል። ስድስቱም ባለ 3 ክሬዲት ናቸው፤ ድምሩ 18 ይሆናል። በኋላ የሚመጡት ሶሻል አንትሮፖሎጂ፣ ሲቪክስ፣ ኢንክሉሲቭነስና ግሎባል ትሬንድስ ባለ 2 ሲሆኑ ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂና ኢንተርፕረነርሺፕ ባለ 3 ናቸው። አንዳንድ ግቢ ኮርሶቹን በሴሚስተር ያቀያይራል፤ ስለዚህ በራሳችሁ ስሊፕ (የምዝገባ ወረቀት) ላይ ያለውን ያዙ። ፊዚካል ፊትነስ “ፓስ” ወይም “ፌይል” ብቻ ስለሚሰጥበት ጂፒኤ (የሴሚስተሩ አማካይ ነጥብ) ውስጥ አይገባም። ይሁን እንጂ ማለፍ ግዴታ ነው፤ ከሜዳ መቅረት የሚያስከትለው ዕዳ ኋላ ይመጣል።

የውጤት እርከኑ እንዲህ ነው፦ ከ85 ጀምሮ ኤ (4.00)፣ ከ80 ኤ ማይነስ (3.75)፣ ከ75 ቢ ፕላስ (3.50)፣ ከ70 ቢ (3.00)፣ ከ65 ቢ ማይነስ (2.75)፣ ከ60 ሲ ፕላስ (2.50)፣ ከ50 ሲ (2.00)፣ ከ45 ሲ ማይነስ (1.75)፣ ከ40 ዲ (1.00)። ከዚያ በታች ኤፍ ኤክስና ኤፍ ናቸው፤ ሁለቱም ዜሮ ነጥብ አላቸው።

ልብ በሉ፤ የደረጃዎቹ ከፍታ እኩል አይደለም። ከ83 ወደ 85 መውጣት የሚጨምረው 0.25 ነው። ከ73 ወደ 75 መውጣት ግን 0.50 ይጨምራል፤ ከ58 ወደ 60ም እንዲሁ። ከ45 ወደ 44 የወረደ 0.75 ያጣል። 90 አልፎ ኤ ፕላስ ማምጣት ደስ ቢልም ነጥቡ ያው 4.00 ነው። ስለዚህ ፋይናል ሲቃረብ የቀራችሁን ጊዜ ቀድሞ 86 በሚያስገኝላችሁ ኮርስ ላይ አታፍስሱ፤ 73 ወይም 58 አካባቢ ለቆመው ስጡት። አብዛኛው ኮርስ 50ው ከተከታታይ ምዘና፣ 50ው ከፋይናል ነው። ከ50 38 ይዛችሁ ከገባችሁ ለቢ ፕላስ በፋይናሉ 37 ይበቃችኋል። ይህን በወረቀት ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት።

ጂፒኤ ለማውጣት የእያንዳንዱን ኮርስ ነጥብ በክሬዲቱ አባዙ፣ ደምሩ፣ ለጠቅላላው ክሬዲት አካፍሉ። ለምሳሌ እንግሊዝኛ ቢ ፕላስ (10.5)፣ ሳይኮሎጂ ኤ (12)፣ ጂኦግራፊ ኤ ማይነስ (11.25)፣ ክሪቲካል ቢ (9)፣ ማትስ ሲ ፕላስ (7.5)፣ ፊዚክስ ቢ ማይነስ (8.25)፤ ድምሩ 58.5፣ ለ18 ሲካፈል 3.25። ማትሱ ብቻ ዲ ቢሆን ኖሮ 3.00 ላይ ይወርድ ነበር።

በዓመቱ መጨረሻ ግን የሁለቱን ሴሚስተር ጂፒኤ ደምራችሁ ለሁለት አታካፍሉ። ሁለተኛው ሴሚስተር 20 ክሬዲት ኖሮት 2.75 (55 ነጥብ) ብታመጡ፣ በግማሽ የሚያካፍል ሰው “3.00 አለኝ” ይላል። ትክክለኛው 113.5 ለ38 ነው፤ 2.99። በ3.00 የተቆረጠ ዲፓርትመንት ካለ ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ከኮርሶቹ ውስጥ ተማሪን ሊያስቸግሩ የሚችሉት ማትስና ክሪቲካል ቲንኪንግ ናቸው። ሁለቱን አብራችሁ አጥኑ። የማትስ የመጀመሪያ ምዕራፍ የፕሮፖዚሽን ሎጂክ ነው፤ እዚያ በደንብ የተያዘው “ከሆነ… ይሆናል” ክሪቲካልም ላይ ይጠቅማል። ክሪቲካል ላይ ዋናው ወጥመድ ትክክለኛ ቅርጽ ያለውን አርጊውመንት ከእውነተኛ መነሻ ጋር ማምታታት ነው። “ዓሣዎች ሁሉ ይበራሉ፤ ቆሮሶ ዓሣ ነው፤ ስለዚህ ቆሮሶ ይበራል” የሚለው ቫሊድ ነው (ቅርጹ ትክክል ነው)፣ ሳውንድ ግን አይደለም (መነሻው ሐሰት ነው)። የፋላሲ (የተሳሳተ አርጊውመንት) ስሞችን በቃል መያዝ ብቻውን አያዋጣም፤ ለእያንዳንዱ ከዕለት ንግግር ሁለት ምሳሌ ራሳችሁ ፍጠሩ። ጂኦግራፊና ሳይኮሎጂ በሾርት ኖት ብቻ የሚታለፉ ይመስላሉ፤ ጥያቄዎቹ ግን በብዛት ከሞጁሉ ዝርዝር ስለሚወጡ ሞጁሉን ራሱን አንብቡ።

ፈተና ካመለጣችሁ ዝም አትበሉ። ማስረጃ ይዛችሁ፣ ከታመማችሁ የሕክምና ወረቀት አስይዛችሁ፣ ወዲያውኑ ለመምህሩና ለዲፓርትመንቱ በጽሑፍ አመልክቱ። ኢንኮምፕሊት (ያልተሟላ) ወይም ኤንጂ (ውጤት ያልተሰጠበት) ሆኖ የቀረ ውጤት በጊዜው ካልተስተካከለ ኤፍ ሊሆን ይችላል። የማሟያ ፈተናና የመባረር ደንብ ከግቢ ግቢ ይለያያል፤ የዩኒቨርሲቲያችሁን ሌጅስሌሽን (የደንብ ሰነድ) ከሬጅስትራር ጠይቃችሁ የፍሬሽማኑን ክፍል ብቻ እንኳ አንብቡ።

የዲፓርትመንት ምርጫ ሲሞላ በእውነት በምትፈልጉት ቅደም ተከተል ጻፉ፤ ሁለት ሦስቱን ብቻ ሞልታችሁ ሌላውን ባዶ አትተዉ። ነጥባችሁ ለምርጫችሁ ካልደረሰ ባዶውን የሚሞላላችሁ የተረፈው ቦታ ነው። ከመላካችሁ በፊት መታወቂያ ቁጥራችሁንና በዩኒቨርሲቲው ፖርታል (ድረ ገጽ) ላይ የሚታየውን ሲጂፒኤ (የሴሚስተሮቹን ጠቅላላ አማካይ) ከራሳችሁ ስሌት ጋር አመሳክሩ፤ ካልተጣጣመ የምርጫው ቀን ሳያልፍ ሬጅስትራር ቢሮ ሂዱ።