ለኬዝ መብራት ብላችሁ ማዘርቦርድ አታቃጥሉ

ባለፈው ሳምንት አንድ የፖሊ ተማሪ ኮምፒውተሩን በባጃጅ ጭኖ መጣ። «ጋሼ፣ መብራቱ አልበራ አለ፤ አሁን ደግሞ ኮምፒውተሩም አልነሳ አለኝ» አለኝ። የኬዙን (የኮምፒውተሩን ሳጥን) ክዳን ስከፍት ሽታው ቀድሞ ነገረኝ። የመብራቱ መሰኪያ አራት ቀዳዳ የሚይዝ ሆኖ አንዱ የተደፈነ ነው። ልጁ የተደፈነውን በመርፌ ከፍቶ፣ ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ ባለው ባለ አራት ፒን መሰኪያ ላይ በኃይል ገፍቶታል። ከመሰኪያው ቀጥሎ ያለችው የመጀመሪያዋ ኤልኢዲ (ትንሿ አምፖል) መሃሏ ላይ ቡናማ ነጥብ አውጥታለች።

ይህን ስህተት ስንቴ እንዳየሁት ቁጥሩ ጠፍቶኛል። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልናገር።

የኬዝ መብራት ሁለት ዓይነት ነው። ባለ አራት ፒኑ በ12 ቮልት ይሠራል፤ ሁሉም ኤልኢዲ በአንድ ጊዜ አንድ ዓይነት ቀለም ያበራል። ባለ ሦስት ፒኑ በ5 ቮልት ይሠራል፤ እያንዳንዷ ኤልኢዲ የራሷ ቺፕ ስላላት ለብቻዋ ቀለም ትቀይራለች። 12 ቮልቱ የ5 ቮልቱን ቺፕ ወዲያው ያቃጥለዋል። የባለ ሦስት ፒኑ መሰኪያ አንድ ቀዳዳ የተደፈነው ይህን ለመከላከል ነው። መሰኪያው አልገባ ካለ አትግፉት! ማዘርቦርዱ ላይ ከፒኖቹ ጎን ቮልቱ ብዙ ጊዜ ተጽፏል፤ መብራቱም ላይ እንዲሁ። የስልካችሁን መብራት አብርታችሁ ሁለቱንም አንብቡ። የልጁን መብራት ስነቅለው ኮምፒውተሩ ተነሳ፤ ተመስገን ነው። ከእሱ በፊት የመጣ ሌላ ልጅ ግን ማዘርቦርዱን ቀይሯል።

ሁለተኛው ስህተት ማብዛት ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ባለው አንድ የመብራት መሰኪያ ማከፋፈያ ሰክተው አራት ፋንና ሁለት ሜትር መብራት ያንጠለጥላሉ። ማከፋፈያ መሰኪያ ያበዛል እንጂ ኃይል አይጨምርም። አብዛኛው ማዘርቦርድ ከአንድ የመብራት መሰኪያ የሚችለው 3 አምፔር አካባቢ ነው፤ የእናንተን መመሪያው ላይ እዩ። ደብሊውኤስ2812ቢ የሚባለው የተለመደ ባለ 5 ቮልት ኤልኢዲ ሙሉ ነጭ ሲበራ እስከ 60 ሚሊአምፔር ይስባል። በአንድ ሜትር ላይ 60 ኤልኢዲ ካለ 3.6 አምፔር ሆነ ማለት ነው። አንዷ ሜትር ብቻ ከልክ አለፈች! ብዙ መብራት ከፈለጋችሁ ኃይሉን በቀጥታ ከፓወር ሰፕላዩ (ለኮምፒውተሩ ኃይል ከሚሰጠው ሳጥን) የሚወስድ መቆጣጠሪያ ግዙ፤ ከማዘርቦርዱ ትዕዛዙን ብቻ ይቀበል።

ለጂፕሰም ኮርኒስ የሚሸጠውን የ220 ቮልት ጥቅልል ኬዝ ውስጥ አታስገቡ። ርካሽ ነው፣ ያምራል፣ ሰው ይገድላል። ኬዙ ብረት ነው።

የሽቦ ቀለም ማመንም ብዙ ሰው አሳስቷል። ሞሌክስ በሚባለው የፓወር ሰፕላዩ ባለ አራት ፒን መሰኪያ ላይ ቢጫው 12 ቮልት፣ ቀዩ 5 ቮልት፣ ሁለቱ ጥቁሮች ግራውንድ (መመለሻ መስመር) ናቸው። ባለ 12 ቮልት መብራት ላይ ግን ጥቁሩ ሽቦ ብዙ ጊዜ ፖዘቲቩ ነው፤ ቀዩ ደግሞ የቀይ ቀለሙ መስመር ነው። ጥቁርን ከጥቁር ያገናኘ ሰው ተሳሳተ። በመልቲሜትር (በቮልት መለኪያ) ሳትለኩ ምንም አታገናኙ።

ቀጥሎ ያለውን እኔም አድርጌዋለሁ። ሥራ ስጀምር ሁለት ሽቦ ጠምዝዤ፣ ናስትሮ ጠቅልዬ፣ «ይበቃዋል» ብዬ ለደንበኛ አስረከብኩ። የባሕር ዳርን የሚያዝያ ሙቀት ታውቁታላችሁ፤ ኬዝ ውስጥ ደግሞ ይብሳል። የናስትሮው ሙጫ ቀልጦ ተላቀቀ፣ የተራቆተው ሽቦ የግራፊክስ ካርዱ ጀርባ ላይ ወደቀ። ካርዱን ከኪሴ ከፈልኩ። ዛሬም ሳስበው ያመኛል፤ ሰውዬው ለዚያ ካርድ ስንት ወር እንዳጠራቀመ ነግሮኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ በካውያ ሳላስይዝ፣ በሙቀት የሚኮማተር ጎማ ሳላለብስ አንድም ሽቦ ከእጄ አይወጣም። መብራቱንም በራሱ ሙጫ ብቻ አትመኑት። የሚለጠፍበትን ብረት በአልኮል ጥረጉ፣ ጫፍና ጫፉን በፕላስቲክ ማሰሪያ ያዙት፤ ሽቦው ከፋን ክንፍ ይራቅ።

መብራቱ ላይ የተሳለውን ቀስት ተከተሉ፤ በተቃራኒው ከሰካችሁት አይበራም። የአንዱን ፓወር ሰፕላይ ተነቃይ ኬብል ለሌላው አትጠቀሙ፤ መሰኪያው ቢገጥም እንኳ ውስጡ ይለያያል።

ሐይቁ ዳር የምትኖሩ ደግሞ በክረምት ማታ መስኮት ከፍታችሁ ስታበሩ ነፍሳቱ ብርሃኑን ተከትለው ይገባሉ። የፋኑን መረብ በየሳምንቱ ጥረጉ።

ከመንካታችሁ በፊት ስፒናውን ከሶኬት ንቀሉ። ማጥፊያውን መጫን ብቻ አይበቃም። ከነቀላችሁ በኋላ የማብሪያውን ቁልፍ ትንሽ ተጭናችሁ ያዙ፤ የቀረው ኃይል ይውጣ። ሠርታችሁ ስትጨርሱ ክዳኑን ወዲያው አትዝጉ። መብራቱን ሙሉ ነጭ አድርጋችሁ ግማሽ ሰዓት አቆዩት። ከዚያ አጥፉት፣ ስፒናውን ንቀሉና መሰኪያዎቹን አንድ በአንድ በጣታችሁ ዳብሱ። አንዱ እንኳ ከጋለ ጭነቱን ቀንሱ ወይም መገጣጠሚያውን እንደገና ሥሩት።