መኪና መወዳደር ለምትፈልጉ፦ እኔ የሠራኋቸውን ስህተቶች አትድገሙ

መኪና የለመድኩት ከአባቴ ጋቢና ነው። አባቴ የአይሱዙ ሹፌር ነበር። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ከጎንደር ተነስተን፣ አምባ ጊዮርጊስን፣ ዳባትንና ደባርቅን አልፈን ሊማሊሞን አብሬው እወርድ ነበር። በኋላ አሮጌ ዲኤክስ ኮሮላ ገዝቼ ውድድር ገባሁ። አሸንፌ አውቃለሁ፤ የተሸነፍኩት ግን ይበልጣል። አሁን የሰፈር ልጆች "እንዴት ልጀምር?" እያሉ ይጠይቁኛል። ስለ አጀማመሩ ሌላ ቀን እናወራለን። ዛሬ ምን እንዳታደርጉ ልንገራችሁ።

የሰው መንገድ ላይ መወዳደር

ይሄን በአጭሩ ልጨርሰው። ወደ አዘዞ የሚወስደው አስፋልት ማታ ጭር ሲል ያጓጓል። አውቃለሁ፣ እኔንም አጓጉቶኛል። ግን እንጨት የተሸከሙ እናቶች ይሻገሩበታል። አህያ መሀል መንገድ ላይ ይቆማል። መብራት የሌለው ባጃጅ ድንገት ይወጣል። እዚያ የምትገጩት በሰላም ከቤቱ የወጣ ሰው ነው። ሌላውን ስህተት ሁሉ ማረም ይቻላል፤ ይሄን አይቻልም።

ኩርባ ውስጥ ፍሬን መያዝ

ጀማሪ ሁሉ ይሄን ይሠራል። ቀጥታውን ነዳጅ ረግጦ ይመጣና ኩርባው ውስጥ ከገባ በኋላ ደንግጦ ፍሬን ይይዛል። ጎማ አስፋልቱን የሚቆነጥጥበት አቅም የተወሰነ ነው። ለማቆም ከጨረሳችሁት ለመጠምዘዝ አይተርፍም። መኪናዋ መሪ አልሰማ ትላለች፣ ወይ ኋላዋ ይዞራል። ፍሬኑን ገና ቀጥታው ላይ ሳላችሁ ጨርሱ፣ ማርሽ ቀንሱ፣ ከዚያ ጠምዝዙ። መውጫው ሲታያችሁ ነዳጅ ስጡ።

ዓይናችሁም መውጫው ላይ ይሁን። ገደሉን ያየ ሹፌር እጁ ሳያውቀው መሪውን ወደ ገደሉ ይወስደዋል።

የፍሬንን ነገር ያስተማረኝ ሊማሊሞ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን ጠርቦ ያወጣው መንገድ ነው፤ ኩርባው ማለቂያ የለውም። አባቴ "በወጣህበት ማርሽ ውረደው" ይለኝ ነበር። መሪውን ለእኔ የሰጠኝ ቀን ግን በሦስተኛ ለቀቅኩት። በየኩርባው ፍሬን፣ በየኩርባው ፍሬን። መጀመሪያ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሸተተኝ። ቀጥሎ ፔዳሉ እግሬ ሥር ለሰለሰና ወለሉ ድረስ ወረደ። የፍሬን ዘይቱ ፈልቷል። የፈላ ዘይት አረፋ ይይዛል፣ ፔዳሉን ብትረግጡት አረፋው ይጨመቃል እንጂ ፍሬኑ አይያዝም።

አባቴ እጁን ካምቢዮው ላይ፣ ከእጄ በላይ አደረገ። ወደ ሁለተኛ። ከዚያ ወደ አንደኛ። ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናው ተንገራግጮ ቆመ። አንድ ቃል አልተናገረኝም። ወርዶ ጎማው ሥር ድንጋይ አስገባ። ድንጋዩን ሲያስቀምጥ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ማመካኘት

ብዙ ያስከፈለኝ ይሄኛው ነው።

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ናት። ፎርሙላ ዋን የሚካሄድበት የሜክሲኮ ሲቲ ሜዳም 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ እዚያ ሞተርና ፍሬን ማቀዝቀዝ የቡድኖቹ ትልቅ ራስ ምታት ነው። እኔም ኮሮላዬን አዘዞ ጋራዥ ውስጥ ለዚህ ስስ አየር አስተካከልኳት። ካርቡሬተሩ የሚያሳልፈውን ቤንዚን አሳነስኩት። እዚህ እንደ ሚዳቋ ትዘል ነበር። ከዚያ ምንም ሳልነካ ቆላ ከተማ ለውድድር ወረድኩ። እዚያ አየሩ ወፍራም ነው፣ ቤንዚኑ አነሰው። ቤንዚን ያነሰው ሞተር ደግሞ ይግላል። አራተኛው ዙር ላይ ከኮፈኑ ሥር ቀጭን የብረት ድምፅ ሰማሁ። ሰምቼ ቀጠልኩ። ስድስተኛው ላይ ፒስተኑ ተበሳ።

ለሰው ሁሉ "ቤንዚኑ የተበረዘ ነበር" አልኩ። ጓደኞቼ አመኑኝ። እናቴ ቤንዚን ሻጩን ረገመችልኝ። ደጋግሜ ሳወራው እኔም አመንኩት። ስላመንኩትም ሞተሩን አሠርቼ፣ ካርቡሬተሩን እንዳለ ትቼ፣ ተመልሼ ወረድኩ። ሁለተኛ ሞተር አቃጠልኩ። ሁለቱንም ጊዜ ኮሮላዬ ጎንደር የገባችው በጭነት መኪና ተጭና ነው።

የፎርሙላ ዋን ሹፌሩን ኒኪ ላውዳን የማከብረው ለዚህ ነው። ላውዳ እ.ኤ.አ. በ1976 ነሐሴ 1 ቀን ጀርመን ውስጥ ኑርቡርግሪንግ ላይ መኪናው ውስጥ ተቃጠለ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ቁስሉ ሳይድን ሞንዛ ላይ ተወዳድሮ አራተኛ ወጣ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ይሄን ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን የዚያው ዓመት የመጨረሻ ውድድር፣ ጃፓን ፉጂ ላይ የሆነው ነው። ዝናቡ ከባድ ነበር፤ ላውዳ ከሁለት ዙር በኋላ መኪናውን አቆመ። የቡድኑ ሰዎች "ሞተሩ ተበላሸ እንበልልህ" ቢሉት እምቢ አለ። ያቆምኩት እኔ ነኝ አለ። የዓመቱን ዋንጫ በ1 ነጥብ ተፎካካሪው ጄምስ ሃንት ወሰደው፣ ላውዳንም ፈሪ ያሉት አልጠፉም። እኛ ጋ ፈሪ መባል ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። እሱ ግን ስሙን ለማዳን ሞተሩ ላይ አላላከከም። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1977፣ ዋንጫውን መልሶ ወሰደ። በ1984 ደግሞ አላን ፕሮስትን በግማሽ ነጥብ በልጦ ለሦስተኛ ጊዜ አሸነፈ።

በተሸነፉበት ማታ መወሰን

ሌላው የፎርሙላ ዋን ሹፌር ሉዊስ ሃሚልተን እ.ኤ.አ. በ2007 ቻይና ሻንጋይ ላይ ባለቀ ጎማ ብዙ ቆይቶ፣ ጎማ ሊቀይር ሲገባ ተንሸራቶ ጠጠር ውስጥ ቀረ። የዓመቱን ዋንጫ በ1 ነጥብ አጣ። በ2008 ብራዚል ላይ፣ በመጨረሻው ውድድር የመጨረሻ ዙር ላይ፣ ዋንጫውን በ1 ነጥብ ወሰደ። ያን የሻንጋይ ማታ በቃኝ ብሎ ቢሆንስ?

እኔ ብዬ ነበር። ሁለተኛው ሞተር የተቃጠለ ዕለት "የሚሸጥ" የሚል ወረቀት መስታወቷ ላይ ለጠፍኩ። በማግስቱ ጋራዥ ስሄድ አሮጌው መካኒካችን አየው። ጋሼ ነው የምንለው ሁላችንም። "ሽጣት ልጄ፣ አልከለክልህም" አለኝ። "ግን መጀመሪያ እንክፈታት።"

ሲከፍታት ቆሜ አየሁ። የተበሳውን ፒስተን በጨርቅ ጠርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ከመደርደሪያ ሥር የመጀመሪያውን አወጣ፤ ሳይጥለው አቆይቶት ኖሯል። ጎን ለጎን አደረጋቸው። ቀዳዳው አንድ ቦታ ነበር።

"ቤንዚን አይደለም" አለኝ ቀስ ብሎ። ምን እንዳደረግኩ ያን ጊዜ ነገርኩት።

ካርቡሬተሩን አብረን ፈታነው። በሚቀጥለው ውድድር ሰባተኛ ወጣሁ። ጎንደር የገባሁት ግን ኮሮላዬን ራሴ እየነዳሁ ነው።