የፍልውሃን ውሃ እንዴት እናንብብ? ከናሙና እስከ ስሌት

እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ግርጌ ቤት እንዲሠሩ ያደረጋቸው ሙቅ ውሃ አብዛኛው የዝናብ ውሃ ነው። ከፍታው ላይ የዘነበው በተሰነጣጠቀው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሰርጎ ይወርዳል፤ በጥልቀት ይሞቃል። የሞቀ ውሃ ይቀላል፣ ከተራራው በኩል ያለው ግፊትም ይገፋዋል፤ ስለዚህ ጂኦሎጂስቶች የፍልውሃ ፎልት በሚሉት የመሬት ስንጥቅ በኩል ተመልሶ ይወጣል። የት እንደደረሰና ምን እንደነካ የሚነግረን የተሸከመው ማዕድን ነው። ለማንበብ ግን ናሙናው በትክክል መወሰድ አለበት፤ ብዙ ሥራ የሚበላሸውም ላቦራቶሪ ሳይደርስ እዚያው ቦታው ላይ ነው።

ከአስተዳደሩ ፈቃድ ወስደው ናሙናውን ከጉድጓዱ አፍ፣ ውሃው ማጠራቀሚያ ታንከር ውስጥ ከመግባቱ በፊት ይቅዱ። ከመታጠቢያ ቤት ቧንቧ የተቀዳ ውሃ ቀዝቅዟል፣ ጋዙም አምልጦታል። ቧንቧውን ከፍተው ሙቀቱና ኮንዳክቲቪቲው (ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ) መለዋወጥ እስኪያቆሙ ያፍስሱ። ከዚያ ሙቀትና ፒኤች (የአሲድነት መጠን መለኪያ) ወዲያውኑ ይለኩ። ፒኤችን ለነገ ማሳደር አይቻልም፦ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ሲወጣ ፒኤቹ ይጨምራል፣ ካልሲየሙም ነጭ ቅርፊት ሆኖ ጠርሙሱ ላይ ይቀራል። ፒኤች ሜትሩን በ7 እና በ10 ማስተካከያ ፈሳሽ ያስተካክሉት። ሙቀቱን ሲያነቡ ከ2,300 ሜትር በላይ መሆንዎን አይርሱ፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው።

ሦስት የፕላስቲክ ጠርሙስ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው 500 ሚሊ ሊትር፣ ምንም ሳይጨመርበት፣ አየር ሳይቀር እስከ አፉ ተሞልቶ ለባይካርቦኔት፣ ክሎራይድ፣ ሰልፌት፣ ፍሎራይድና ናይትሬት። ሁለተኛው 250 ሚሊ ሊትር፣ በ0.45 ማይክሮን ማጣሪያ ተጣርቶ፣ ፒኤቹ ከ2 በታች እስኪሆን ንጹሕ ናይትሪክ አሲድ ጠብ ጠብ እየተደረገበት ለሶዲየም፣ ፖታሲየም፣ ካልሲየምና ማግኒዥየም። ሦስተኛው ለሲሊካ (ከድንጋይ ለሚሟሟው የአሸዋ ማዕድን) ነው፦ 10 ሚሊ ሊትር ናሙና ማዕድን በሌለው (ዲስቲልድ) ውሃ እስከ 100 ሚሊ ሊትር ይሙሉ። ብዙ ሲሊካ ያለው ውሃ ሳይቀጥን ሲቀዘቅዝ ሲሊካው እርስ በርሱ ይያያዝና ላቦራቶሪው አሳንሶ ያነበዋል። የመስታወት ጠርሙስ ደግሞ የራሱን ሲሊካ ሊጨምር ስለሚችል አይመረጥም።

ባይካርቦኔቱን በዚያው ቀን ይለኩ። 50 ሚሊ ሊትር ናሙና ላይ 0.02 ኖርማል ሰልፈሪክ አሲድ በቢዩሬት (መጠን የሚያሳይ ማንጠባጠቢያ ቱቦ) ያንጠባጥቡ፤ ፒኤቹ 4.5 ሲደርስ ያቁሙ። የፈሰሰው እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር አሲድ በሊትር 24.4 ሚሊ ግራም ባይካርቦኔት ነው። አሲዱ ብዙ ከፈጀ ናሙናውን 10 ሚሊ ሊትር ያድርጉት፤ ያኔ ማባዣው 122 ይሆናል።

ውጤቱ ሲመጣ መጀመሪያ የአዎንታዊና የአሉታዊ አዮኖች ድምር በሚሊ ኢኩቫለንት (አዮኖችን በክብደት ሳይሆን በኤሌክትሪክ ሙላታቸው በሚቆጥር መለኪያ) ይመዘን፤ ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው። ልዩነቱ ከ5 በመቶ ካለፈ ትርጓሜ ውስጥ አይግቡ፤ ብዙ ጊዜ ስህተቱ ዘግይቶ የተለካ ባይካርቦኔት ነው።

የፍልውሃ ውሃ የሶዲየም ባይካርቦኔት ውሃ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሟሟበት ውሃ የትራካይት የእሳተ ገሞራ ድንጋይንና የመሰሎቹን ፌልድስፓር የተባለ ማዕድን እየበላ ሶዲየም፣ ባይካርቦኔትና ሲሊካ ይለቃል፤ ካልሲየሙ ግን ካልሳይት (የኖራ ድንጋይ ማዕድን) ሆኖ መንገድ ላይ ይቀራል። የፍሎራይዱ ምስጢርም እዚህ ነው። ካልሲየም ቢበዛ ኖሮ ፍሎራይዱን ይዞ ፍሎራይት ሆኖ ይዘቅጥ ነበር፤ አሳሪው ስለሌለ ፍሎራይዱ ውሃው ውስጥ ይከማቻል። በስምጥ ሸለቆ የስንቱን ልጅ ጥርስ ያበለዘው ይኸው ሂደት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። እንዲህ ያለ ውሃ ለገላ እንጂ ለመጠጥ አይሆንም፤ ማፍላትም ፍሎራይዱን ያከማቸዋል እንጂ አያጠፋውም።

አሁን የጥልቀቱን ሙቀት እናስላ፤ ውሃ በሞቀ መጠን ብዙ ሲሊካ ስለሚያሟሟ ሲሊካው ሙቀቱን ይነግረናል። ሲሊካውን በሊትር በሚሊ ግራም (ያቀጠኑትን በ10 አባዝተው) ይውሰዱና ሎጋሪዝሙን (በ10 መሠረት) ከ4.69 ላይ ይቀንሱ፤ 1032ን ለዚያ ያካፍሉ፤ ከዚያ 273.15 ይቀንሱ። ለምሳሌ ሲሊካው 100 ቢሆን፦ 1032 ሲካፈል ለ2.69፣ 383.6 ይሆናል፤ ሲቀነስ 110 ዲግሪ ገደማ። ይህ የካልሴዶኒ ስሌት ነው፤ ካልሴዶኒና ኳርትዝ ሁለት የሲሊካ ማዕድናት ናቸው። የኳርትዙ፣ በ1309 እና በ5.19 የሚሠራው፣ ለዚሁ ናሙና 137 ይሰጣል። ለእንዲህ ያለ መካከለኛ ሙቀት ካልሴዶኒውን ማመን ይሻላል። የሶዲየም–ፖታሲየሙን ስሌት ይተዉት፤ ለባይካርቦኔት ውሃ አብዝቶ ያጋንናል።

ከሙቀቱ የአዲስ አበባን አማካይ 16 ዲግሪ ቀንሰው፣ ምድር በኪሎ ሜትር በ30 ዲግሪ ትሞቃለች ብለው ቢያካፍሉ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ይመጣል። በስምጥ ሸለቆ ዳርቻ ግን ሙቀቱ ቶሎ ይጨምራል፤ በ50 ቢያካፍሉ ከ2 በታች ይወርዳል። ስለዚህ አንድ ቁጥር ሳይሆን ሁለቱንም ይጻፉ።

ስሌቱን ሁሉ ሊያበላሽ የሚችለው ከላይ የሚቀላቀል ቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ ሲሊካውን ያቀጥነውና ጥልቀቱን ያሳንሳል። የሚያጋልጠው ናይትሬት ነው። ከጥልቅ የመጣ ውሃ ናይትሬት የለውም ማለት ይቻላል፤ በመሃል ከተማ ከመጸዳጃ ጉድጓድና ከፍሳሽ የሚሰርገው ግን ሞልቶታል። በሚያዝያና በነሐሴ መጨረሻ ሁለት ጊዜ ይቅዱ። ነሐሴ ላይ ናይትሬቱ ጨምሮ ሙቀቱና ሲሊካው ከቀነሱ፣ የክረምቱ ውሃ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው፤ ለስሌት የሚሆነው የሚያዝያው ናሙና ነው።